ወደ ግራ የምትስበው ቮልስ

ቦንጋ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሰላሐዲንን ያማዋል። ሥራውን አይደለም፤ ሥራውንማ ጠላቱም አይነካበትም። የሚያሙት አፉን ነው። "ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም" ይላሉ። ባለፈው ክረምት አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ፒክአፓቸውን ይዘው መጥተው "ፍሬኑ አልይዝ አለኝ" ቢሉት፣ ነድቶ ሞከረውና ሰው በተሰበሰበበት "ፍሬኑ ደህና ነው አባቴ፤ የዘገየው እግርዎ ነው። ቁልፉን ለልጅዎ ይስጡ" አላቸው። ሽማግሌው ደማቸው ፈላ። "አሳዳጊ የበደለው!" ብለው ሄዱ፤ ተመልሰውም አልመጡ። እሱ እቴ! ግሪስ የጠገበ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሳዳጊስ አልበደለውም። ይህን የሚለው ነገሩን የማያውቅ ሰው ነው። ይሄ ዛሬ እንደ ሬት የመረረው ሰላሐዲን፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ሰው ፊት ቀና ብሎ የማያይ፣ "እምቢ" ማለት የማያውቅ፣ ደንበኛው ቅር እንዳይለው የራሱን ምሳ ትቶ የሚሠራ ልጅ ነበር። ይሉኝታ ገደለው ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን አልገደለውም። ይሉኝታው የገደለው ሌላ ሰው ነው። እንግዲያው ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ሰላሐዲን የቦንጋ ልጅ ነው። አባቱ ከጅማ ጨርቅ እያመጡ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ እሱ ስድስተኛ ክፍል ሳለ ሞቱበት። የዚያን ጊዜ አስተማሪው ጋሽ ገብረወልድ ነበሩ። የጋሽ ገብረወልድ አያት ከመንዝ በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን "ከቦንጋ ዝናብ ሌላ ዝናብ መኖሩን አላምንም" የሚሉ፣ ረዥም፣ ኮስታራ፣ ሙቀት ቢሆን ኮታቸውን የማያወልቁ መምህር ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ የምትቆም አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረቻቸው። ልጁ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቤቱ መግባት አስጠላውና ከትምህርት መልስ ቮልሷ አጠገብ ቆሞ መዋል አመጣ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉት አንድ ቀን፣ ከመኪናዋ ሥር ሆነው።

"ምንም ጋሼ።"

"ምንም ከምትጠብቅ ያችን መፍቻ አቀብለኝ።"

አቀበላቸው። እንግዲህ ሰላሐዲን መካኒክ የሆነው ያን ዕለት ነው ማለት ይቻላል።

ጋሽ ገብረወልድ መኪና መንዳት ብቻ አልነበረም የሚያውቁት፤ መኪና መግራት ያውቃሉ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ፊቷ ባዶ ነው። ስለዚህ የቦንጋ ጭቃ ላይ ፊቷ ይንሳፈፍና መሪው ይዋሻል፤ እናንተ ወደዚህ ስትሏት እሷ ወደዚያ። ይህን እያስረዱ ልጁን ከጎናቸው አስቀምጠው ይነዱ ነበር። "ስማኝ" ይላሉ፣ ወደ ውሽውሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ኩርባ ሲደርሱ። "ፍሬንህን ከኩርባው በፊት ጨርስ። ከገባህ በኋላ እግርህን ከነዳጁ ላይ አታንሳ። ካነሳህ ቂጧ ይቀድምሃል፤ ፍሬን ከረገጥክማ ይቅር ይበልህ።" ይህን ትምህርት ሰላሐዲን ብቻ ሳይሆን ልጃቸው ወንጌላዊትም፣ ጎረቤቱም፣ ጭነው የወሰዱት ቄስ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

ሰላሐዲን አድጎ ከአስፓልቱ ዳር፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ የራሱን ጋራዥ ከከፈተ በኋላ ቮልሷ የሁለቱ ሆነች። ጋሽ ገብረወልድ ጡረታ ወጡ፤ ጊዜ ተረፋቸው። ቀኑን ሙሉ ስለ መሪ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ከፊት ኮፈኗ ሥር የአሸዋ ጆንያ አስተኙላት፤ ፊቷ መሬት ያዘ። የኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ላይ እንዳይንጠለጠሉ በሸራ ቀበቶ አሰሯቸው። የፊት ጎማዎቿን አየር ከኋላዎቹ ቀነሱ። ሰላሐዲን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከተራገፈች ሌላ ቮልስ ሾክ ነቅሎ አመጣላት። እንዲህ እያሉ ያቺን አሮጊት መኪና እንደ በቅሎ አሠገሯት። ጋሽ ገብረወልድ በየወሩ በሃያ አንድ ዋጫ ይሄዳሉ፤ ድሮ ርዕሰ መምህር ሆነው የኖሩበት አገር ነው፣ የማርያም ማኅበር አላቸው። የመንግሥት ላንድክሩዘር ሲንሸራተት እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው ሽው ይሉ ነበር። "ሰላሐዲን ዘንድ የገባች መኪና ዝንፍ አትልም" ይላሉ ለሰው ሁሉ።

የመኪናዋን ቁልፍ ከአንገታቸው ማተብ ጋር አስረው ነው የሚይዙት። ከሰላሐዲን በቀር መሪዋን ለማንም አይሰጡም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አብራቸው የምትኖረው ወንጌላዊት፣ በዞን መሥሪያ ቤት ተቀጥራ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ስትመጣ፣ "አባዬ እስቲ እኔም ልሞክራት" አለቻቸው። "አንቺ የመንግሥት መኪና ሰባብሪ" አሏት። ሳቁ። ቁልፉ ግን ከማተባቸው አልወረደም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ የጥር ጠዋት ነው። ጋሽ ገብረወልድ ቮልሷን ጋራዡ በር ላይ አቁመው ወረዱና "ትስባለች" አሉ። "ወደ ግራ ትስባለች። ከመኪና ጋር ፊት ለፊት ልታጋጥመኝ ነበር።"

ሰላሐዲን ቁልፉን ተቀብሎ ነዳት። ድልድዩ ድረስ ወርዶ ተመለሰ። እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ሞከራት፤ ክር የተሳበላት ይመስል ቀጥ ብላ ሄደች። ግራ ገባው። "ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይንዱና አጠገብዎ ልቀመጥ" አላቸው።

ነዱ። ያን ጊዜ አየ። ጋሽ ገብረወልድ ቀኝ እጃቸው ማርሽ ላይ ሲሄድ ግራ እጃቸው መሪው ላይ ብቻውን ይቀራል፤ እንደ እጅ አይደለም፣ እንደ እርጥብ ልብስ ነው የተሰቀለው። ክብደቱ ሁሉ ወደ ታች ነው። መሪው ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዞራል፤ መኪናዋም ታዛዥ ናትና ወደ ግራ ትሄዳለች፣ ወደሚመጣው መኪና። የሸሚዛቸው ቁልፍም አንድ ቀዳዳ ስቶ ተቆልፎ ነበር። እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ቁልፍ ስተው የሚያውቁ ሰው አልነበሩም።

"አየኸው?" አሉ በድል አድራጊነት። "ትስባለች አላልኩህም?"

ሰላሐዲን አፉን ከፈተ። ከአባቱ ቀጥሎ ያሳደጉት ሰው ናቸው። እንዴት ብሎ ነው ፊታቸውን እያየ "መኪናዋ ደህና ናት፤ የታመሙት እርስዎ ነዎት" የሚላቸው? መሪ ያስያዙትን ሰው መሪ ልቀቁ ሊል?

"አዎ ጋሼ" አለ። "የመሪዋ ዘንግ ጫፉ ላልቷል።"

የመጀመሪያዋ ውሸት ይቺ ናት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው ይባል የለ፤ እሱንም እያሳሳቀች ወሰደችው።

ደህናውን የዘንግ ጫፍ አውልቆ በሌላ ደህና ተካው። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። "አሁንም ትስባለች።" ኩሽኔታ ቀየረ። ተመለሱ። የፊት ጎማዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ። ተመለሱ። ሰላሐዲን የማይታመም መኪና እያከመ፣ የታመመ ሰው እያየ ከረመ። ማታ ለሚስቱ ቢነግራት ጮኸችበት። "አንተ ሰው! ሰው ቢጨርሱስ? ራሳቸው ቢያልቁስ? ንገራቸው እንጂ!"

"እንዴት ብዬ?"

"በአማርኛ!"

እሷ እውነቷን ነበር። ባለቅኔ መሆን አያስፈልገውም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ሞከረ፣ ሙከራ ከተባለ። ጋሽ ገብረወልድ ሻይ ሊጠጡ ብርጭቆውን በግራ እጃቸው ሲያነሱ ኮታቸው ላይ አፈሰሱት። ሰላሐዲን ጨርቅ እያቀበላቸው "ጋሼ፣ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ብቅ ቢሉ… እጅዎን ቢታዩት…" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጋሽ ገብረወልድ ጨርቁን መለሱለት። "አንተ መኪናዋን አክም" አሉት። "እኔን ተወኝ።"

ቁጣ አልነበረበትም ድምፃቸው። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ፍርሃት ነው የሰማበት። ያን ፍርሃት ከሰማ በኋላ ሰላሐዲን ዳግመኛ አልሞከረም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ሁለት ሆነው ሲሸሽጉት ደግሞ ምን ይባላል?

በዚህ መሀል የባጃጅ ሹፌሮች ነገሩን ቀልድ አደረጉት። ቮልሷ ከሩቅ ስትታይ "ኧረ ጋሼ መጡ! ቀኙን ያዙ፣ ግራውን ለባለቤቱ ልቀቁ!" እያሉ ይሳሳቃሉ። ሳቃቸውም ብዙ አልቆየ። በአንድ የገበያ ቀን ቮልሷ መስመሯን ስታ ማገዶ የተሸከመች ሴትዮ ላይ ልትወጣ ትንሽ ቀራት። ሴትዮዋ ሸክሟን ጥላ ቦይ ውስጥ ገባች። ጋሽ ገብረወልድ ከመኪናዋ ወርደው ማገዶውን አንድ በአንድ ለቀሙላት፣ በቀኝ እጃቸው ብቻ። ከዚያ ጋራዡ መጡ።

"ልጄ" አሉት። ሰላሐዲን ካደገ ወዲህ ልጄ ብለውት አያውቁም። "ወይ አስተካክላት፣ ወይ ገደል ክተታት። ሰው ልትገድል ነው። እኔ ደግሞ ያለሷ ምን ነኝ?"

እንግዲህ ሰው በቃኝ የሚለው እንዲህ ሲጨንቀው ነው። መናገር ነበረበት። ያን ዕለት ሁሉም ነገር ለመናገር የተመቻቸ ነበር፤ ሰውዬው ራሳቸው በሩን ከፍተውለታል። ሰላሐዲን ግን ሌላ ነገር አሰበ። ሰውዬው እንደማይቃኑ አውቋል። መኪናዋ ግን ልትጣመም ትችላለች።

"ነገ ይምጡ" አላቸው። "ነገ ቀጥ ትላለች።"

ጋራዡን ዘግቶ ብቻውን ሠራ። ቮልሷን በክሪክ አነሣት፤ የቀኙን ቸርኬ አወለቀ፤ የፊት እግሯ መጋጠሚያ ላይ ሮንዴላዎቹን፣ እነዚያን ስስ የብረት ቀለበቶች፣ ከቦታቸው አንስቶ ወዲያና ወዲህ አዘዋወራቸው፣ ሦስት ሌሎች ጨመረ። እግሯ ወደ ቀኝ አጋደለ። የቀኙን ጎማ አየር አጎደለ። የአሸዋውን ጆንያ ጎትቶ ቀኝ ጥግ ወሸቀው። ነድቶ ሞከራት፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ዳር፣ ወደ ገደሉ ትስባለች። ልክ የዚያን የተሰቀለ እጅ ክብደት ያህል ነው የምትስበው። ሃያ ዓመት የተማረውን ሁሉ ደግ መኪና ለማበላሸት አዋለው። ሥራው ግሩም ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊት አልሠራም፤ ከዚያም ወዲህ አልሠራም።

በማግስቱ ጋሽ ገብረወልድ ነዱ። ቀጥ አለች። እጅና መኪና እየተጓተቱ መሀል መንገዱን ይዘው ሄዱ። ድልድዩ ድረስ ወርደው ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከመኪናዋ ወርደው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እጅህ ይባረክ" አሉ። "ያስተማርኩት ልጅ በለጠኝ። እጅህ ይባረክ።"

ሰላሐዲን ምርቃቱን አቀርቅሮ ተቀበለ። አፍሯል፤ ደስም ብሎታል፣ ምን ይዋሻል። ለራሱም ነገረው፦ ከጋሼ በቀር ማን ይነዳታል? ቁልፉ ማተባቸው ላይ ነው። ማንም አይነካትም። ይህን እየደጋገመ ተኛበት።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ቮልሷ ቀጥ እያለች ዋጫ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ባጃጆቹ ቀልዳቸውን ተዉ። አንዳንድ ቀን የጋሽ ገብረወልድ እጅ ከቀድሞው የባሰ ሲከብድ "ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ሳብ አድርጋኛለች" ይላሉ፤ ሰላሐዲንም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አየር ከቀኙ ጎማ ያጎድላል። በሽታው ሲገፋ መኪናዋ አብራ ትጣመማለች።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ወንጌላዊት አብራቸው ዋጫ ወረደች። ዓመታዊ በዓል ነውና ማኅበሩ ደግሶ ነበር። ከታቦቱ መልስ ማኅበርተኛው ተቀምጦ ሳለ ጋሽ ገብረወልድ ጽዋውን ሊቀበሉ እጃቸውን ሊዘረጉ አሉ። እጃቸው አልተዘረጋም። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ከመቀመጫቸውም ተንሸራተው ወደቁ። ዋጫ ያሉት ሐኪሞች "ጊዜ አትፍጁ፣ ቶሎ ቦንጋ አድርሷቸው" አሉ። አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ገጠር ወጥቷል። ወንጌላዊት ቁልፉን ከአባቷ ማተብ ላይ ፈታች።

ሰላሐዲን ስልክ ሲደወልለት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጉም ወርዶ ካፊያ ያካፋል። "የጋሽ ገብረወልድ ቮልስ ከውሽውሽ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ወድቃለች" አለው አንድ የሚያውቀው ሹፌር። ማን ይነዳ እንደነበር አልጠየቀም። አላስፈለገውም። ጋሼ ቢሆኑማ መኪናዋ አትወድቅም ነበር።

ሲደርስ ቮልሷ በቀኝ ጎኗ ቦዩን ተሻግራ ትልቅ ዛፍ ላይ ተለጥፋለች። የፊት ኮፈኗ ተከፍቶ አሸዋው ሣሩ ላይ ፈስሷል። ወንጌላዊትን እግሯ ተሰብሮ ወስደዋታል። ጋሽ ገብረወልድ እዚያው ናቸው፤ የቀኙ በር በኩል ነበሩና። ሰው ነጠላ አልብሷቸዋል። የትራፊክ ፖሊሱ ኩርባውን አየ፣ እርጥቡን አስፓልት አየ፣ "አንሸራቷት ነው" አለና ጨረሰ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ነው። "አይሱዙ ሲመጣባት ኩርባ ውስጥ ፍሬን ረገጠች አሉ። ስንት ጊዜ ነግረዋት!" "ያቺ ቮልስ ድሮም ከእሳቸው በቀር ለማንም አትገራም።" "ምን ታድርግ ልጅቷ፣ የቀን ጉዳይ ነው።" ወንጌላዊት እግሯ በጀሶ እንደታሰረ ከሐኪም ቤት አምጥተዋት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ "አባቴን ገደልኩት" ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ሰላሐዲን ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ነበር። እጁ እስኪላጥ ቆፈረ። ከዚያ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ያን ሁሉ ሰማ።

የቮልሷን ስብርባሪ ጎትተው ወደ እሱ ጋራዥ አመጡት፤ ወደ ሌላ ወዴት ይወስዱታል? ጋራዡን ዘጋና የቀኙን እግሯን ፈታ። ሮንዴላዎቹ እንዳሉ ነበሩ፣ ጭረት እንኳ አልነካቸውም። አወጣቸውና ኪሱ ከተተ። በቃ፣ አለቀ። ከእንግዲህ መላእክት ቢመረምሯት ምንም አያገኙባትም። እንጀራ ሲበላ ኪሱ ውስጥ ናቸው፤ ሲሰግድ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ሚስቱ አንድ ቀን ሱሪውን ልታጥብ ስታወጣቸው ከእጇ ነጠቃት። ምን እንደሆኑ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም፣ ዓይኑን አይታ ተወችው።

ወንጌላዊት ከአርባው በኋላ በክራንች እየተደገፈች ጋራዡ መጣች። ሰላሐዲን ወንበር አቀረበላት። ከስታ የአባቷን መልክ አውጥታለች። ጥግ ላይ ሸራ የለበሰችውን ቮልስ ለረዥም ጊዜ አየቻት።

"ጋሽ ሰላሐዲን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አለች። "እንደ እህትህ እየኝና እውነቱን ንገረኝ። መኪናዋ ናት ወይስ እኔ ነኝ?"

ሰላሐዲን የጸዳ መፍቻ አንስቶ ይጠርግ ጀመር።

"ሰው ሁሉ የቀን ጉዳይ ነው ይለኛል፤ ዘወር ሲል ደግሞ ፍሬን ረገጠች ይላል። እውነት ነው ረግጫለሁ። ግን ያ ብቻ አይደለም። ከዋጫ ከተነሣን ጀምሮ ወደ ቀኝ ስትስብብኝ ነበር። ሺሺንዳ ስንደርስ ክንዴ ዝሎ ነበር። 'አባዬ፣ መኪናህ ወደ ቀኝ ትሄዳለች' አልኩት። ያን ጊዜ ምላሱ ተሳስሯል፤ መስማቱን ግን ይሰማል። 'ግራ… ግራ ነው' አለኝ። 'ኧረ ወደ ቀኝ ነው አባዬ' አልኩት። ተጠምዝዞ በደህናው እጁ መሪውን ያዘ። እስቲ ያዢ፣ ልቀቂ እያለ በዓይኑ፣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለቀቀው። ያንን የሞተውን እጁን በደህናው እጁ አነሣና ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አየው።"

ሰላሐዲን የብረት ማሰሪያውን የሞርሳ እጀታ ጨብጦ ቆሟል።

"'ሰላሐዲን' አለ። ጥርት አድርጎ ነው ያለው፤ ሌላውን ቃል ሁሉ ሲያቅተው ስምህን ግን ጥርት አድርጎ። ከዚያ አለቀሰ። እናቴ ስትሞት እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። እንባውን ልጠርግለት ዞር አልኩ። ዓይኔን ወደ መንገዱ ስመልስ አይሱዙው ፊቴ ነው።" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ሊመርቅህ ፈልጎ መሰለኝ። ስምህን ጠርቶ ነው የሞተው። ይሄንንም ልንገርህ ብዬ ነው።"

ሰላሐዲን ያን ዕለት የደረሰበትን ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ዱላ ቢሆን ይችለው ነበር፣ እርግማን ቢሆን ይችለው ነበር። ጋሼ አወቁ። ሞታቸው በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ መኪናዋ ሳትሆን እጃቸው እንደነበር አወቁ፤ ልጄ ያሉት ሰው ዓመት ሙሉ እንዳታለላቸውም አወቁ። ብቻቸውን፣ አፋቸው ተይዞ፣ የሚጠይቁት ሰው ሳይኖር።

እጁን ኪሱ ከተተና ሮንዴላዎቹን አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

ነገራት። ከዚያ የጥር ጠዋት ጀምሮ፣ የተሰቀለውን እጅ፣ ያፈሰሱትን ሻይ፣ ማገዶ ተሸካሚዋን፣ አየሩን፣ አሸዋውን፣ ሁሉንም። "አንቺ አይደለሽም" አላት። "ማንም ቢነዳት ያ ኩርባ ላይ ትጥለው ነበር። እኔ ነኝ። መናገር አፍሬ ነው።"

ወንጌላዊት አልጮኸችም። ሮንዴላዎቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። የዕቃ ማስቀመጫው ጠረጴዛ ላይ መልሳ አኖረቻቸውና ክራንቿን ይዛ ተነሣች። ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ ሸሸችው።

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ብትነግረው እኮ ይቆጣ ነበር" አለች፣ ሳትዞር። "ይሰድብህ ነበር። ሁለት ወር ያኮርፍህ ነበር። ከዚያ ቁልፉን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር።"

ይህን ብላ ዝናቡ ውስጥ ወጣች።